አይዞሽ መቼ ይባላል? ስለ ሴት አለቃና ስለ ይሉኝታ የተከፈተ ክር ከነመልሶቹ

የመነሻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም ይህን በጽሑፍ የተደረገ ውይይት፣ የከፈተችው ባሕር ዳር ውስጥ የሆቴል ሠራተኞችን ጉዳይ የምትይዝ ባለሙያ ናት። አቋሟ ቁርጥ ያለ ነው። ሴት በኃላፊነት ስትመደብ «አንጀቷ ይራራል፣ ሥራው ይላላል» እየተባለ የሚወራው መነሻው ላይ ስቷል ትላለች። ሥራ የሚያላላው ርኅራኄ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ርኅራኄ ያላት ኃላፊ ትጠይቃለች፣ ትሰማለች፣ ከዚያ ልክና ቀን ያለው መላ ትሰጣለች። ይሉኝታ የያዛት ሳትጠይቅ ታልፋለች፤ ስታልፍ ስታልፍ ከርማ አንድ ቀን በሰው ፊት ትፈነዳለች። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት አንድ ይመስላሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ከዚያ ጥያቄዋን በምሳሌ አቀረበች። እናቷ ሞታባት ከሐዘን የተመለሰች ክፍል አጽጂ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ አርፍዳለች። ባልደረቦቿ በየቀኑ ሁለት ሁለት ክፍል እየሸፈኑላት ማጉረምረም ጀምረዋል። ኃላፊዋ ጠርታ ልታነጋግራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች እንዴት ይሂዱ? የት ይቀመጣሉ? በምን ይጀመራል? ምን ይጻፋል? የራሳችሁን ታሪክ ሳይሆን አሠራሩን አምጡልኝ ብላ አስጠንቅቃለች፤ አብዛኛው ሰውም አክብሮላታል።

መልስ 1. በምስጋና የጀመረው አማርኛ አስተማሪ ነው። ጥያቄውን ትቶ ቃሉን ያዘ፤ ቢሆንም የሚጣል አልነበረም። በየሥልጠናው የራስንና የሰውን ስሜት የማወቅና የመያዝ ችሎታ «ስሜታዊ ብልህነት» ተብሎ መተርጎሙ እርስ በርሱ ይጣላል ባይ ነው። በአማርኛ ስሜታዊ የምንለው ቶሎ የሚግለውን፣ ነገር የማያመዛዝነውን ሰው ነው፤ ለሴት ኃላፊ ሲነገር ደግሞ ስድብነቱ ይብሳል። «የስሜት ብልህነት» ቢባል ይሻላል። ለርኅራኄው ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ፣ አንጀተ ርኅሩኅ እያለ ደረደረና በመጨረሻ «የሰው ችግር የሚገባት» የሚለው ላይ ረጋ። ማዘን ሌላ፣ መግባት ሌላ፤ ችግሩ ሳይገባቸው የሚያዝኑ አለቆች ሞልተዋል ይላል።

መልስ 2. ይኼኛው የስሜት ብልህነት ሐሳብ የዳንኤል ጎልማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እሱ አመጣው ብሎ ካስረዳ በኋላ ሴቶች በተፈጥሯቸው የሰው ስሜት ስለሚገባቸው ሥልጠናም አያስፈልጋቸውም፣ እንደ ልባቸው ይምሩ ሲል ደመደመ። ቅን አስተያየት ነው። ሁለቱም ነገሮች ግን ትክክል አይደሉም።

መልስ 3. የሥነ ልቦና መምህርት በትሕትና አረመችው። ቃሉን በጥናት መልክ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር ናቸው፤ ጎልማን ከአምስት ዓመት በኋላ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰው። የ«በተፈጥሮ» ነገር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የክላይንና የሆጅስን ሙከራ ጠቀሰች። ሌላው ሰው ምን እየተሰማው እንደሆነ በትክክል ለገመተ ገንዘብ ሲከፈል፣ ወንዱም ሴቱም ግምታቸው ተሻሽሎ የነበረው ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ነገሩ ልብ ብሎ የመከታተል ፍላጎት እንጂ የጾታ ጸጋ አይደለም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል አለች፦ ሴቷ ኃላፊ ልምምዱን አልፈልግም ማለት አትችልም፤ ወንዱም «እኔ እንዲህ ያለው አይሆንልኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

መልስ 4. ክሩን ክር ያደረገው ይህ መልስ ነው። የጻፈችው የክፍል አጽጂዎች ተቆጣጣሪ ስትሆን ዐሥሩን ደቂቃ ፈታታ አስቀምጣዋለች።

ከሁሉ በፊት ጥሪው አለ ትላለች። ጠዋት «እፈልግሻለሁ» ብሎ ማታ ማነጋገር ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ስትሠጋ እንድትውል ማድረግ ነው። ጉዳዩና ርዝመቱ አብሮ ይነገር፦ ስለ ጠዋት መግቢያ ሰዓት ነው፣ ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ደብዳቤ አይደለም። ደብዳቤ ከሆነ ግን አይደለም አይባልም። ሰዓቱም ይመረጥ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት በ8 ሰዓት ተጠርታ የምትሰጠው መልስ የራሷ ሳይሆን የሆዷ ነው፤ ስለዚህ በጾም ወቅት ከረፋዱ 4 ሰዓት አይለፍ። የፈረቃ መውጫም አይሆንም፤ ዓይኗ ባጃጁ ላይ ነው።

ቦታው ኮሪደር፣ የፊርማ መዝገቡ አጠገብ ወይም የአንሶላ መደርደሪያው ጋ አይሁን። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥ የፖሊስ ምርመራ ይመስላል፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ጎን ለጎን ቢኮን ሠራተኛዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ ታገኛለች። ስልክ ድምፁ ጠፍቶ በግንባሩ ይደፋ። ወንድ ሠራተኛ ከሆነ በሩ ገርበብ ይበል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የሐዘኑ ናቸው። «እናትሽ» ተብሎ በግልጽ ይጠራ፤ «ያ ነገር»፣ «የደረሰብሽ ሁኔታ» እያሉ ዙሪያውን መሄድ ሟቿን ሁለተኛ መቅበር ነው። ቀጥሎ «ግን» የምትለዋ ቃል እንዳትመጣ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ግን ሰዓት...» ሲባል ሠራተኛዋ የምትሰማው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው። ከሐዘኑ ወደ ሰዓቱ የሚሻገሩት በአጭር ዝምታ ነው።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የታየው ይነገር፣ በቀንና በደቂቃ፦ ሰኞ 25 ደቂቃ፣ ሐሙስ 40 ደቂቃ። «ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ» የሚል ነገር ከመጣ ክርክሩ ስለ «ሁልጊዜ» ይሆናል። ከዚያ ጥያቄው። «ለምን» አይባልም፤ በኛ ጆሮ ለምን ማለት ወቀሳ ነው። «ጠዋት ላይ የቱ ነው የሚከብድሽ?» ይባል። የመጀመሪያው መልስ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ ምንም፣ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ መልስ ሳይሆን ሰላምታ ነው። በልብ እስከ ዐሥር ይቆጠር። ብዙ ጊዜ ሰባት ላይ ሲደረስ ሁለተኛው መልስ ይመጣል። ካልመጣ ስለ ስሜት ሳይሆን ስለሚጨበጥ ነገር ይጠየቅ፦ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ጠዋት ምን ቀምሰሽ ትወጫለሽ፣ ቤት ማን አለ፣ ታናናሾችሽን ትምህርት ቤት ማን ያደርሳቸዋል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው ትላለች። ጠዋት እሳት የምታያይዘው፣ ልጆቹን ቀስቅሳ የምትሸኘው ያቺ የሞተችው እናት ነበረች። አሁን ያ ሥራ ያለ ባለቤት ቀርቷል። የሚያዘገያት እንባው ሳይሆን የቤቱ ጠዋት ነው፤ ለእንባ ዕረፍት ይሰጣል፣ ለቤት ጠዋት ግን የሚያስፈልገው የሰዓት ሽግሽግ ነው። ሳይጠይቁ ያዘኑላት አለቃ ሦስት ቀን ዕረፍት ይሰጧትና በአራተኛው ቀን ያው ታረፍዳለች።

መላው ልክ ይኑረው፦ ለሦስት ሳምንት ከ1 ሰዓት ይልቅ በ1:45 ግቢ፣ ማታ 45 ደቂቃ ቆይተሽ አካክሺ፤ የሚያበቃው ይህ ቀን ነው፣ በመሀል አርብ አርብ አምስት ደቂቃ እንገናኛለን። ከዚያ የተስማሙበትን በራሷ አፍ ትድገመው። ኃላፊዋ «ገባሽ?» ብላ «አዎ» ከተባለች ምንም አላገኘችም።

መልስ 5. አንዲት አንባቢ ይህን ሁሉ ወድጄዋለሁ፣ አይዞሽ የት ሄደ? ስትል ጠየቀች። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ አይዞሽ ያልተባለበት የሐዘን ወሬ የባንክ ቤት ወሬ ነው።

መልስ 6. የመልስ 4 ጸሐፊ ተመለሰች። አይዞሽ ይባላል፣ በር ላይ ይባላል አለች። በመጀመሪያው ደቂቃ ሲባል ትርጉሙ «በቃ፣ ዋጥ አድርጊው» ነው፤ የተናጋሪዋን ጭንቅ እንጂ የሰሚዋን አያቀልም። ሠራተኛዋ እንባዋ ሲመጣ አይዞሽ አይዞሽ የምትል ኃላፊ በአብዛኛው እንባውን መቋቋም ያቃታት ናት። ውኃ ይቀዳላት፣ ዝም ይባል፣ ብትፈልግ ትውጣ። በሩ ላይ ስትደርስ፣ መላው በእጇ ሲገባ፣ ያኔ አይዞሽ ክብደት አለው።

መልስ 7. የመጀመሪያው ጠንካራ ቃል ከዚህ ወጣ። የጻፈው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ነው። ይህ ሁሉ ከፈረንጅ ሥልጠና የተቀዳ ቅዝቃዜ ነው፣ እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሕዝብ በር ላይ የሚባል አይዞህ አናውቅም አለ። በዚያው እስትንፋስ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ ክር ሲበጠስ ማሽን ይቆማል፣ ማሽን ሐዘን አያውቅም፤ አምስት ተከታታይ ቀን የቀረ ይሰናበታል፣ ሕጉ ይኸው ነው፣ ሴት አለቆች ይህን ለማስፈጸም ሆድ ስለሌላቸው ነው ወሬ የሚያበዙት ሲል ጨረሰ። (አይዞህ ስላነሰ ተቆጥቶ ማሰናበት ስላነሰ መቆጣቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።)

መልስ 8. አጭርና የመረረ። ማሽን ሐዘን ካላወቀ አዲስ ቅጥር ፈትል መቀጠልም አያውቅም፤ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜ የሚበላሸውን ክር ማን ይቁጠረው? ለሦስት ሳምንት 45 ደቂቃ መግፋት ነው የሚከብደው ወይስ የለመደ እጅ አባርሮ እንደገና ከዜሮ ማስተማር?

መልስ 9. የሕግ ባለሙያው የገባው ሰዎቹ ከመሰዳደባቸው በፊት ነው፤ በጊዜው ደርሷል። መልስ 7 የጠቀሰው አምስት ተከታታይ ቀን የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል። በአሁኑ ሕግ የስንብቱን ቀን አስቀድሞ ሳያሳውቁ ወዲያው ለማሰናበት ሠራተኛው በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው ለአምስት ቀን መቅረት ወይም ስምንት ጊዜ ማርፈድ አለበት። ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለ። ሐዘኑ ሕመም ሆኖ የሐኪም ማስረጃ ከመጣ የሕመም ፈቃድ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ይህ ሁሉ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው።

ከዚያ የመነሻውን ጽሑፍ የሚያጠናክር ነገር ጨመረ፤ ለእኔ የክሩ ምርጥ ነጥብ ይህ ነው። በይሉኝታ የምታልፍ ኃላፊ ሰባት ጊዜ ማርፈዱን በዝምታ ታሳልፍና በስምንተኛው ቱግ ብላ ታሰናብታለች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለሌለ ስንብቱ አይጸናም። ሌላም አለ፦ አሠሪው የማሰናበቻውን ምክንያት ካወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ይቀራል። ሆዷ ውስጥ ያጠራቀመችው ቂም ለፍርድ ቤት አይሆንም። ዐሥር ደቂቃ አነጋግራ አራት መስመር የጻፈችው ግን ርኅራኄዋም ማስረጃዋም በአንድ ወረቀት ላይ አለ።

መልስ 10፣ 11 እና 12. እዚህ ክሩ ወደ ከተማው ወጣ። አንዱ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ «ድልድዩ ላይ ተጨናንቆ» የምትለዋ ሰበብ ሞታለች፣ 380 ሜትር ሙሉ አስፋልት ተዘርግቶልሽ እንዴት ታረፍጃለሽ ብሎ ቀለደ። ሌላው ድልድዩ ባጃጅ አይወልድም ብሎ መለሰለት። ሦስተኛዋ ቀልዱን አቁማ ቁም ነገር አነሣች፦ መንገድ ተዘግቶ የቀረ ሰው በፊርማ መዝገቡ ላይ እንደ ተራ ቀሪ ከተመዘገበ ስድስት ወር ሲደመር የሚወጣው አምስት ቀን የማን ጥፋት ነው? ለመንገድ መዘጋት የተለየ ምልክት ይኑር፣ በዕለቱም ይጻፍ፣ ከወር በኋላ ማን ለምን እንደቀረ የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ስለ ዓሣ ዋጋ ለጥቂት ጊዜ ተጨቃጨቁ፤ አልፈዋለሁ።

መልስ 13. የሥነ ልቦና መምህርቷ ተመልሳ ስለ ቁጣ ጻፈች። ሴት ኃላፊ በፍጹም አትቆጣ የሚል የለም፤ ቁጣዋ የሚተረጎምበት መንገድ ግን ከወንዱ ይለያል። ቪክቶሪያ ብሬስኮልና ኤሪክ ኡልማን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው የተቆጣ ወንድ በተመልካች ዘንድ ከፍ ሲል የተቆጣች ሴት ዝቅ ትላለች፤ የሴቷ ቁጣ ከጠባይዋ የመጣ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። የቁጣዋ ምክንያት ከውጭ መሆኑ ሲገለጽ ግን ልዩነቱ ይረግባል። ወደ ሥራ ሲለወጥ እንዲህ ነው፦ «አናደዳችሁኝ» ከማለት «ሦስት ክፍል ሳይጸዳ እንግዳ በር ላይ ቆሟል፣ የተናደድኩት በዚህ ነው» ይባል። ምክንያቱ ከቁጣው እኩል ይውጣ፣ በኋላ ሲጨመር ማስተባበያ ይመስላል።

ይህን ተከትላ ስለ አንቺና እርስዎ አንድ አንቀጽ ጻፈች። ወጣት ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛን እርስዎ ስትል ከርማ በቁጣ ቀን ወደ አንቺ ከወረደች፣ ቀሪው ንግግሯ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቀረው ያ መውረድ ነው። ማስጠንቀቂያም በእርስዎ ይሰጣል። በተቃራኒው ሁልጊዜ አንቺ የምትባል ጓደኛ በድንገት እርስዎ ከተባለች ያም ጥፊ ነው።

መልስ 14. ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። የባንክ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነኝ የምትል ሴት ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል አለች። ሴት አለቃ ሆደ ሰፊ ትሁን ስትሉ የማዳመጡን ሥራ ሁሉ እሷ ላይ እየደፋችሁ ነው። የሌላ ክፍል ሠራተኛ ሳይቀር እሷ ጋ መጥቶ ያለቅሳል፤ ለለቅሶው መዋጮ የምትሰበስበው፣ የታመመ የምትጠይቀው፣ ለእንግዳ ቡና የምታስፈላው እሷ ናት። ወንዱ አቻዋ በዚያ ሰዓት ሪፖርቱን ይጨርሳል። በሰኔ ግምገማ ላይ የሚቆጠረው ሪፖርቱ ነው። ይህን የስሜት ጉልበት ሥራ ይሉታል፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ ማለት ነው ብላ ዘጋች።

መልስ 15. ቃሉን ብቻ አረመ፣ በደረቁ። የስሜት ጉልበት የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀችው አርሊ ሆክሺልድ ለአውሮፕላን አስተናጋጆችና ለመሰሎቻቸው ነው የተጠቀመችበት፦ ፈገግታው የተቀጠሩበት ሥራ አካል የሆነ፣ የሚከፈልበት። የመዋጮው ነገር ሌላ ነው። ለሱ የሚሆነው እነ ሊንዳ ባብኮክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት ነው፤ ዕድገት የማያስገኝ ሥራ በፈቃደኝነት እንዲወሰድ ሲጠየቅ በተቀላቀለ ቡድን ውስጥ ሴቶቹ ቀድመው እጅ ያወጣሉ፤ ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ግን ልዩነቱ አይታይም። ማለትም ሁሉም ሰው እሷ ታወጣለች ብሎ ይጠብቃል፣ እሷም መጠበቃቸውን ታውቃለች። መድኃኒቱም ፈቃደኛ አለመጠየቅ ነው፦ መዋጮ ሰብሳቢው በፊደል ተራ በወር ይዙር፣ ወንዱም ሴቱም ይግቡበት።

መልስ 14 ጸሐፊዋ ለዚህ መልስ አልሰጠችም። እርማቱ ልክ ነው፤ በዚያ ቃና መምጣቱ ግን አልነበረበትም።

መልስ 16. የነርሶች አስተባባሪ ያመጣችው ነገር ለጊዜ ሰሌዳ የሚሆን ነው። ሕጉ ሦስት ቀን ይላል፣ ለቅሶው ግን በሦስት ቀን አያልቅም፦ ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ኃላፊዋ ከሐዘን የተመለሰች ሠራተኛን በመጀመሪያው ሳምንት አርባው መቼ እንደሚውል ጠይቃ በፈረቃ ሰሌዳው ላይ ካስቀመጠችው፣ የተኪ ሰው ጉዳይ ከወር በፊት ያልቃል፣ ሠራተኛዋም ቀኑ ሲቃረብ ሰበብ አትፈልግም። ዓመት ፈቃድ ካላት ከዚያ ይቀነስ፣ ከሌላት ፈረቃ ትቀያየር። ሩቅ ያለው ሰው ደግሞ በኪሎ ሜትር አይለካ። የጣናዎቹ ዘጌና ደቅ በካርታ ላይ ቅርብ ናቸው፤ በጀልባ ለሚመጣ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ከተነሣ የዛሬ መመለሻ ነገ ጠዋት ይሆናል። ለደቅ ለቅሶኛ ከሰዓት ፈረቃ መስጠት እንዲህ ቢደርስ የሚያተርፈው ግማሽ ቀን አለ።

ሌላም አስታወሰች፦ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው የሌሊት ሥራና በትርፍ ሰዓት መመደብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህን «አዝኜልሽ ነው» እያሉ እንደ ችሮታ የሚሰጡ ኃላፊዎች አሉ። መብት እንደ ውለታ ሲሰጥ በኋላ ይቆጠራል።

መልስ 17. እስካሁን ማንም ያልነካቸውን ባልደረቦች ያነሣው የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ጥያቄው ላይ የነበሩትን እነዚያን የሚያጉረመርሙትን። ፖል ብሉም እ.ኤ.አ. በ2016 ርኅራኄን ከባትሪ ብርሃን ጋር አመሳስሎት ነበር አለ፦ አንዱን ያደምቃል፣ ዙሪያውን ያጨልማል። ኃላፊዋ ለሐዘንተኛዋ ስታበራ ሁለት ክፍል የጨመረችው ሴት ጨለማው ውስጥ ናት። አንድ ሰው በቀን 14 ክፍል የሚያጸዳበት ቤት ከሆነ ሁለት መጨመር የአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሲሆን ደግሞ የሁለት ቀን ተኩል ጉልበት ይሞላል። ለዚያ አመሰግናለሁ አይበቃም።

አሠራሩን በዝርዝር ሰጠ። የተጨመሩት ክፍሎች ከአንዷ ላይ አይከመሩ፣ በሦስት ሰው ይከፈሉ፣ በየቀኑ ይዙሩ። በደብተር ይመዝገቡ፤ አራት ዐምድ ይበቃል፦ ቀን፣ የሸፈነችው፣ የክፍል ብዛት፣ የተመለሰበት ቀን። ማካካሻው የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ ቅዳሜ ቀደም ብሎ መውጣት፣ ወይም የሠርግ እንግዳ ከሚበዛበት ከጥር ወዲያ የምትመርጠው የዕረፍት ቀን ይሆናል። ሥራው ከመደበኛ ሰዓት ካለፈ ግን ትርፍ ሰዓት ነው፣ በቀኑ ክፍል ለሚሠራው ደመወዙ አንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። ለቡድኑ የሚነገረውም ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፦ ሰዓቷ እስከዚህ ቀን ተሸጋሽጓል፣ የሸፈናችሁት ተጽፏል። ምክንያቱ አይነገርም፤ ያውቁት ይሆናል፣ ግን ከኃላፊዋ አፍ አይወጣም።

መልስ 18. መልስ 7 በድንገት ተመለሰ፤ ቃናው ረግቧል። የድሮውን አዋጅ ይዞ እንደቆየ አምኖ፣ የደብተሩን አራት ዐምድ እንደወደደው ጻፈ። ሦስት ፈረቃ ባለበት ቤት ግን የ45 ደቂቃው ሽግሽግ አይሠራም፣ ማሽኑን የያዘችው የሌሊት ተረኛ ሳትተካ መውጣት አትችልም አለ። ለዚህ የሚሆነው መቀያየር ነው፦ ለሦስት ሳምንት ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ትዛወር፣ በምትኳ ከሰዓት ያለች አንዷ ትምጣ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ በክሩ ላይ ካየኋቸው የፋብሪካ ምክሮች ሁሉ የሚሠራው ነው፤ በቁጣ የገባው ሰው ይዞት መምጣቱ ደስ ይላል።

መልስ 19. ክሩን የከፈተችው ሁሉንም አመስግና ሁለት ጥያቄ ብቻ አስቀረች። አራቱ መስመሮች የት ይቀመጡ? አርባውንስ እሷ ራሷ ከካላንደር ቆጥራ ብትጽፈው አይበቃም?

መልስ 20. የመልስ 4 ጸሐፊ ናት። አራቱ መስመሮች፣ ማለትም ቀኑ፣ የታየው፣ የተስማሙበት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በሠራተኛዋ የግል ማኅደር ይግቡ፤ ግልባጩ ለሠራተኛዋ ይሰጥ፣ ሐዘን የሚለው ቃል አይጻፍበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከክፍሎቹ ደብተር ጋር አይደባለቅ፣ ያ ደብተር ልብስ ማጠቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚውል ነው። አርባውን ግን አትቁጠሪ፣ ጠይቂያት። ቤተሰብ የሚቆጥርበት ቀን ይለያያል፣ ወደ እሑድም ሊገፉት ይችላሉ።